ጨረሩ የሚያርፍበት ሰው

እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2011 በደቡባዊ ሜክሲኮ፣ የቺያፓስ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በቱክስትላ ጉቲየሬስ መዳረሻ ላይ ሁለት ተሳቢ መኪኖች ኬላ ደረሱ። ፖሊሶቹ በኤክስሬይ መፈተሻ ሲያሳልፏቸው በስክሪኑ ላይ የወጣው ሣጥንም ጆንያም አልነበረም። ተደራርበው የታጨቁ፣ ራስና ትከሻቸው የሚለይ የሰው ቅርጾች ነበሩ። በሮቹ ሲከፈቱ 513 ሰዎች ወረዱ። አብዛኞቹ ከጓቲማላና ከኤል ሳልቫዶር፣ ሌሎቹ ከኢኳዶር፣ ከሕንድ፣ ከኔፓልና ከቻይና የመጡ ናቸው። ወደ አሜሪካ ለመሻገር በነፍስ ወከፍ 7,000 ዶላር ያህል ለደላላ መክፈላቸውን ተናገሩ። ምስሉ በዚያው ሰሞን ዓለምን ዞረ፤ ብዙ ሰውም እንደ ጉድ አየው። ትልቁ ቁም ነገር ግን ሰዎቹ መንገድ ላይ ታፍነው ሳያልቁ፣ በሮቹ በጊዜ መከፈታቸው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ግድም ቆይቶ፣ ማርች 24 ቀን 2020፣ ከማላዊ የተነሣ አንድ የጭነት መኪና በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት፣ ሞአቲዜ ላይ ቆመ። የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ከተጫነው ኮንቴይነር ድምፅ ሰምተው አስከፈቱት። ውስጡ የነበሩት 78 ሰዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። 64ቱ ሞተዋል፤ ባለሥልጣናቱ ምክንያቱ መታፈን ሳይሆን እንዳልቀረ ገለጹ። 14ቱ ብቻ ተረፉ። እነዚህን ያየ ማሽን አልነበረም። የተረፉትን ያተረፋቸው የገዛ ድምፃቸው ነው።

በሁለቱ ኬላዎች መካከል ያለው ልዩነት ስለ ኤክስሬይ ፍተሻ የሚደረገውን ክርክር አቅጣጫ ሊያስቀይር ይገባል። ላለፉት 20 ዓመታት ክርክሩ በአመዛኙ በአውሮፕላን መንገደኛ ላይ ያተኮረ ነበር። ገላው በማሽን ይታይ ወይስ አይታይ? ጨረሩ ይጎዳዋል ወይስ አይጎዳውም? ምስሉስ የት ይገባል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ምላሽም አግኝተዋል። ምላሹ የደረሰው ግን አቤት ማለት ለሚችል ሰው ነው። እስረኛው፣ የማዕድን ማውጫ ሠራተኛውና በተሳቢ ውስጥ የተደበቀው ስደተኛ በዚያው ጨረር ይፈተሻሉ፤ ወይም መታየት ሲገባቸው ሳይታዩ ያልፋሉ። ስለ እነሱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ መለወጥ አለበት፤ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ማሽኑ ምን እንደሚያይ ማወቅ ይቀድማል። ኤክስሬይ በሁለት መንገድ ይፈትሻል። የመጀመሪያው ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 በጀርመን ቩርትስቡርግ ከተማ ጨረሩን ካገኘ ጊዜ ጀምሮ የሚታወቀው ነው። ጨረሩ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ አጥንት ወይም ብረት ያስቀረው ጥላ ሆኖ ይታያል። የሐኪም ቤት ራጅ ይኸው ነው። የቦሌ ሻንጣ መፈተሻም ከዚሁ ወገን ነው፤ ልዩነቱ በሁለት የጉልበት ደረጃ አንሥቶ ዕቃው ከምን እንደተሠራ መገመቱ ነው። ብረታ ብረት ሰማያዊ፣ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ነገር ሁሉ ደግሞ ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል። ለዘመድ የተቋጠረ በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ ከብዙ ፈንጂዎች ጋር አንድ ቀለም የሚይዙት ለዚህ ነው። ፈታሹ ሻንጣ አስከፍቶ ፌስታሉን የሚያገላብጠው ባለቤቱን ስለጠረጠረ ብቻ አይደለም፤ ቀለሙ ሌላ ምርጫ ስለማይሰጠው ነው።

የጭነት መኪና ስካነር ከዚህ እጅግ የበረታ ነው። የሐኪም ቤት ራጅ በመቶ ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲሠራ፣ ትላልቆቹ የኮንቴይነር መፈተሻዎች ስድስትና ዘጠኝ ሚሊዮን ይደርሳሉ። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን ብረት አልፈው ያያሉ። የፍተሻው ክፍል ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ፣ ወይም በዙሪያው ሰው የማይቆምበት የተከለለ ሜዳ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ተመላሽ ጨረርን ይጠቀማል። ማሽኑ ደካማ ጨረር ይልክና ዕቃው ላይ አርፎ ተበትኖ ወደ መጣበት የሚመለሰውን ይለካል። ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ጨረሩን በብዛት ይመልሱታል፤ ብረት ግን ይውጠዋል። ስለዚህ አደንዛዥ ዕፅ፣ ፈንጂ፣ ፕላስቲክና የሰው ገላ ነጥተው ይታያሉ። አሜሪካን ሳይንስ ኤንድ ኢንጂነሪንግ የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ ይህን መሣሪያ ተራ የዕቃ መጫኛ በሚመስል ቫን ውስጥ ገጥሞ ለገበያ አቀረበ። ቫኑ በመንገድ ዳር በቆሙ መኪኖች አጠገብ እያለፈ ጎናቸውን ያነሣል። የኒው ዮርክ ፖሊስ ከእነዚህ ቫኖች እንዳሉት ታወቀ፤ የት፣ መቼና በማን ላይ እንደሚጠቀምባቸው እንዲገልጽ ሲጠየቅ ግን አሻፈረኝ አለ፤ ፕሮፐብሊካ ከተሰኘው የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም ጋርም ፍርድ ቤት ቆመ። አንድ ከተማ ነዋሪዎቹን በሚነካ ጨረር መንገድ ላይ ይዘዋወር እንደሆነ ነዋሪዎቹ የማወቅ መብት አላቸው። በዚህ ላይ መከራከር እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ተመላሽ ጨረር ይበልጥ ስሙ የተነሣው ግን በአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ዲሴምበር 25 ቀን 2009 ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት ይበር በነበረ የኖርዝዌስት አውሮፕላን ላይ አንድ ወጣት በውስጥ ሱሪው የደበቀውን ፈንጂ ለማፈንዳት ሞከረ፤ ሳይሳካለት ቀረ። ሰው በእግሩ የሚያልፍበት የብረት መፈተሻ በር እንዲህ ያለውን ፈንጂ አያውቀውም። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር የሙሉ ሰውነት ስካነር መትከሉን አፋጠነ። ከተተከሉት ውስጥ 250 ያህሉ ራፒስካን ሴኪዩር 1000 የሚባሉ የተመላሽ ጨረር ማሽኖች ነበሩ። ልብስን አልፈው የመንገደኛውን ገላ ቅርጽ ለተቆጣጣሪ ያሳዩ ነበር።

ሕዝቡ ዝም አላለም። በኤፕሪል 2010 አራት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንፍራንሲስኮ ፕሮፌሰሮች ቆዳ ላይ የሚያርፈው የጨረር መጠን በገለልተኛ ወገን ይመርመር ሲሉ ለዋይት ሐውስ የሳይንስ አማካሪ ጻፉ። በጁላይ 2011 የዋሽንግተን የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደሩ ስካነሮቹን ዋና መፈተሻ ከማድረጉ በፊት የሕዝብ አስተያየት መስማት ነበረበት ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የአውሮፓ ኮሚሽን በአውሮፕላን ማረፊያዎች የሰውነት ስካነር ይፈቀድ ብሎ ኤክስሬይ የሚጠቀሙትን ግን ከፈቃዱ አስቀራቸው። የአሜሪካ ምክር ቤትም ማሽኖቹ የእያንዳንዱን መንገደኛ ገላ ማሳየት ትተው ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የሰው ሥዕል ላይ አጠራጣሪውን ቦታ ብቻ እንዲያመለክቱ በ2012 ሕግ አወጣ። የማሽኖቹ አምራች ራፒስካን ይህን የሚያደርግ ሶፍትዌር በተሰጠው ጊዜ ማድረስ አልቻለም። ማሽኖቹ በ2013 ከአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ተነቅለው ወጡ፤ ኤክስሬይ በማይጠቀም፣ በሚሊ ሜትር ሬዲዮ ሞገድ በሚሠራ ስካነር ተተኩ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ የጤናው ስጋት ከልክ በላይ ተጋንኖ ነበር። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2013 ባወጣው ሪፖርት ከአንዱ ፍተሻ የሚገኘው ጨረር አንድ መንገደኛ በአየር ላይ በ12 ሰከንድ ውስጥ ከሚያገኘው ጋር እኩል መሆኑን ገለጸ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበር ሰው በጉዞው ከሕዋ የሚመጣበት ጨረር በዚህ ሂሳብ ከሺህ ፍተሻ ይበልጣል። ሆኖም የአውሮፓውያኑ ውሳኔ ከንቱ አልነበረም። ሌላ መንገድ እያለ ጤነኛን ሰው፣ ነፍሰ ጡርንና ሕፃንን ጨምሮ፣ ትንሽም ብትሆን ለጨረር ማጋለጥ ምክንያት ይፈልጋል።

ማሽኑ ደግሞ እንደተነገረለት አልነበረም። የካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ፣ የሚሺጋንና የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሴኪዩር 1000 ከኢቤይ ገበያ ላይ ገዝተው ፈተሹትና ውጤቱን በ2014 ይፋ አደረጉ። ከታጠቂው ጎን ላይ የተለጠፈ ሽጉጥ አልታየም፤ ብረቱ ጠቁሮ ከጥቁሩ ጀርባ ጋር ተመሳስሎ ጠፋ። ፈንጂ የሚመስል ለስላሳ ነገርም በገላ ላይ ስስ ሆኖ ሲለጠፍ ከሥጋ ሊለይ አልቻለም። መንግሥት መሣሪያውን የገዛው ለእንዲህ ያለ ገለልተኛ ፈተና ሳያቀርበው ነው። ሚስጥራዊነት ደህንነትን ይጠብቃል የሚለው እምነት በዚህ ቦታ ዋጋ አስከፍሏል፤ ጉድለቱን ያገኙት ዩኒቨርሲቲዎች ሳይሆኑ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

የተነቀሉት ማሽኖች መጨረሻስ? ብዙዎቹ አዮዋ፣ ሉዊዚያናና ቨርጂኒያን ወደመሳሰሉ ግዛቶች እስር ቤቶች ተላለፉ። ለመንገደኛ ክብር አይመጥንም የተባለው ምስል ለእስረኛ መጠነ ማለት ነው። ማሽኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፊቱ የሚቆመው ሰው ነው። መንገደኛው ከሶ አሸነፈ፣ ለምክር ቤት አባሉ ጻፈ፣ በጋዜጣ ተናገረ። እስረኛው ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም።

ደቡብ አፍሪካ ከዚህ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር አይታለች፤ በዚያ ግን ታሪኩ ያልተጠበቀ መታጠፊያ አለው። የአልማዝ ኩባንያው ዴ ቢርስ በ1990ዎቹ ስካኔክስ የተባለ የሙሉ ሰውነት ኤክስሬይ ማሽን ሠራ። ዓላማው ሠራተኞች አልማዝ ውጠው ወይም ሰውነታቸው ውስጥ ደብቀው ከማዕድን ማውጫው እንዳይወጡ መቆጣጠር ነው። ሠራተኛው በየጊዜው የሚፈተሽ በመሆኑ ጨረሩ እጅግ ዝቅተኛ መሆን ነበረበት፤ መሐንዲሶቹም ይህን ቻሉበት። አንድ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ በ13 ሰከንድ ይነሣል። ሐኪሞች ይህን ሲያዩ ሌላ ነገር ታያቸው። ማሽኑ ሎዶክስ የሚል ስም ይዞ በኬፕ ታውን ወደሚገኘው ግሩት ሹር ሆስፒታል ገባ። በጥይት የተመታን ወይም በመኪና አደጋ የደቀቀን ሰው እያገላበጡ ደጋግሞ ራጅ ማንሣት ቀረ፤ ጥይቱ የት እንደቆመ፣ የትኛው አጥንት እንደተሰበረ በአንድ ጊዜ ይታያል። ሠራተኛን በሌብነት ጠርጥሮ ይመለከት የነበረ መሣሪያ ነፍስ አድን ሆነ። ጨረሩ ያው ነው፤ ሕንፃው፣ ሐኪሙና መመሪያው ግን ሌላ ሆኑ።

ይህ ምሳሌ የጭነት መኪና ስካነርን በሚመለከት ብዙ ያስተምራል፤ ወሳኙ ማሽኑ ሳይሆን የሚሠራበት ደንብ ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2014 ባሳተመው መሠረታዊ የጨረር ደህንነት መስፈርት ሌብነትን ለመቆጣጠር ሲባል ሰውን በጨረር ማንሣት ተገቢ እንዳልሆነ ደንግጓል። ለኮንትሮባንድ ቁጥጥርም በመደበኛው ሁኔታ ተገቢ አይደለም ይላል። የአገር ደህንነትን ለሚያሰጋ ወንጀል ሲሆን ውሳኔው የመንግሥት ብቻ ነው። የሕዝብ ዓመታዊ የጨረር ጣሪያም አንድ ሚሊሲቨርት ነው። መልካም ደንብ ነው፤ በሠራተኛ ላይ እንደ ስካኔክስ ያለ ማሽን ዳግም ማቆም የሚፈልግ ድርጅት ቢነሣ በዚህ ሊከለከል ይችላል። ነገር ግን ደንቡ የሚያስበው ስካነር ፊት ቆሞ ስለሚነሣ ሰው ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ስላለውስ?

የወደብ ስካነር አሠራር ለሾፌሩ በሚገባ ያስባል። አንዳንዱ ሾፌሩን አስወርዶ መኪናውን ይጎትታል፤ ሌላው ጋቢናው አልፎ ጭነቱ እስኪደርስ ድረስ ጨረሩን አይለቅም። ትክክል ነው። ኮንቴይነር ውስጥ የተደበቀ ሰው ግን ያንኑ ብርቱ ጨረር ይቀበላል፤ ማንም አላሳወቀውም፣ ማንም አልጠየቀውም። አንድ ጊዜ የሚደርስበት መጠን ብዙውን ጊዜ በማይክሮሲቨርት የሚለካና ከአንድ የደረት ራጅ የማይበልጥ በመሆኑ በጤናው ላይ የሚያመጣው አደጋ ኢምንት ነው። አየር በሌለበት ብረት ውስጥ ሰዓታት ማለፋቸው ከሚያመጣበት ሞት ጋር ሲተያይ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ስደተኛን ከጨረር ለመጠበቅ ሲባል ስካነር ይቅር የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ምስሉ ላይ ሰው ከታየ በኋላ ምን ይደረጋል?

ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ የሚወስደው መስመር መልሱን አጥብቆ ይሻል። ከሀዲያ፣ ከከምባታና ከአካባቢው የሚነሡ ወጣቶች ሞያሌን አልፈው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ሲወጡ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቤተሰብ ከብት ሸጦ፣ መሬት አስይዞ ይልካል። በጁን 2012 ታንዛኒያ ውስጥ ዶዶማ አካባቢ ከአንድ የጭነት መኪና ከ40 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን አስከሬን ወጣ። በኦክቶበር 2022 በሰሜን ማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ፖሊስ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንዳልቀረ ተናገረ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በዛምቢያ፣ ከሉሳካ በስተሰሜን ንግዌሬሬ በተባለ ቦታ የ27 ወንዶች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። የቴቴው አደጋም የደረሰው በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ብዙ ኬላዎችን አልፈዋል። መኪና ሲመዘን፣ ወረቀት ሲታተም፣ ቀረጥ ሲከፈል በግድግዳው ማዶ ነበሩ።

በዚህ መስመር ላይ ያሉ አገሮች የጭነት ስካነርን ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ያውቁታል። ኬንያ በሞምባሳ ወደብ፣ ሞዛምቢክም በወደቦቿ ይጠቀሙበታል። የኢትዮጵያ ጉምሩክም እንዲሁ ትላልቅ የጭነት መፈተሻ አለው። ማሽኖቹ የተገዙት ግን ቀረጥ ያልተከፈለበትን ዕቃ፣ የጦር መሣሪያንና አደንዛዥ ዕፅን ለመያዝ ነው። ውጤታቸው የሚለካው በተያዘ ኮንትሮባንድና በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ሰው በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። ለዚህም ነው በአብዛኛው ወደቦች በር ላይ የሚቆሙት፤ ሰው በሚታጨቅበት የገጠር አውራ ጎዳና ላይ አይገኙም።

ማሽን መትከል ብቻውን እንደማይበቃ የራሷ የአሜሪካ ተሞክሮ ያሳያል። በጁን 2022 በሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ 53 ስደተኞች የሞቱበት ተሳቢ ከዚያ በፊት ኤንሲናል አጠገብ ያለውን የድንበር ጥበቃ ኬላ አልፎ ነበር። አሜሪካ ብዙ ስካነር ያላት አገር ናት። ግን መኪናው ብዙ፣ ጊዜው አጭር ነው፤ የሚፈተሸው የተመረጠው ብቻ ነው። የተፈተሸውንም የሚያየው የሰው ዓይን ነው። የሃርቫርዱ ተመራማሪ ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ በ2005 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ሰዎች ከሚያዩዋቸው ምስሎች በግማሹ ውስጥ የሚፈለገው ነገር ሲኖር የሚያመልጣቸው ሰባት በመቶ ነው፤ ከመቶ ምስል በአንዱ ብቻ ሲኖር ግን 30 በመቶ ያመልጣቸዋል። ብርቅ የሆነን ነገር ዓይን እያየው ያልፈዋል። በሻንጣ መፈተሻ ላይ ሶፍትዌሩ አልፎ አልፎ የሐሰት ቦምብ ምስል እየጨመረ ፈታሹን የሚያነቃው በዚህ ምክንያት ነው። የጭነት ስካነር ተቆጣጣሪ ቡና፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ሲያይ ይውላል። በዚያ መካከል የሰው ትከሻ ድንገት ቢመጣ እንዲያውቀው አስቀድሞ ማየት አለበት፤ በተለይ ከጆንያ ጀርባ ደብዝዞ ሲወጣ።

ሌላው እንቅፋት ጉቦ ነው። ይህን መስመር የሚያውቅ ሁሉ ደላላው በየኬላው ገንዘብ እያስጨበጠ እንደሚያልፍ ይናገራል። እዚህ ላይ ስካነር ከፈታሽ የሚሻልበት ነገር አለ፤ ምስሉ ይቀራል። በር ከፍቶ አይቶ መልሶ የዘጋ ሰው አላየሁም ሊል ይችላል። ምስሉ በሰዓቱ ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ከተላከና ጣቢያው ሊሰርዘው ካልቻለ ግን በማግስቱ መጠየቅ ይኖራል። መንገደኛ ሲፈተሽ የገላው ምስል ወዲያው መጥፋት አለበት፤ የኮንቴይነሩ ምስል ደግሞ መቀመጥ አለበት። ሁለቱም የሚጠብቁት ያንኑ ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከስደተኞቹ ከራሳቸው የሚመጣው ነው። መታየት ማለት ለብዙዎቹ መታሰር ማለት ነው። በታንዛኒያና በማላዊ እስር ቤቶች በሕገ ወጥ መንገድ ገባችሁ ተብለው የሚማቅቁ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጥቂት አይደሉም፤ ቅጣታቸውን ጨርሰው እንኳ የመመለሻ ገንዘብ የሚሰጣቸው አጥተው የሚቆዩ አሉ። ፍተሻ በበረታ ቁጥርም ደላላው ይበልጥ አደገኛ መንገድ ይፈልጋል፤ ሰውን ከወፍራም ጭነት ኋላ ይደብቃል፣ ጫካ ለጫካ ያስኬዳል፣ በሩን ይበልጥ ያጠብቃል። ይህ እውነት ነው፤ አቅልሎ ማየትም አይገባም። ስካነር ስደትን አያስቆምም። ሆሳዕና ላይ ሥራ ያላገኘ ወጣት ቴቴ ላይ ማሽን ተተከለ ብሎ አይቀርም።

መልሱ ግን ስካነሩን መተው አይደለም። ሰው ሲታይ የሚከተለውን ነገር መለወጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚከላከለው የ2000ው ፕሮቶኮል፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው፣ ስደተኛው በደላላ ስለተሻገረ ብቻ በፕሮቶኮሉ መሠረት በወንጀል እንደማይጠየቅ ይደነግጋል፤ መንግሥታት ሕይወቱን እንዲጠብቁም ያዛል። ወንጀለኛው ሰውን እንደ ዕቃ የጫነው ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም ቅጣቱን የሚያከብደው በሚያሻግረው ላይ ነው። ስለዚህ ምስሉ ላይ የሰው ቅርጽ ያየ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ ለፖሊስ ደውሎ ትእዛዝ መጠበቅ የለበትም። በሩን ማስከፈት አለበት፤ ያኔውኑ፣ ሌላ ማኅተምና ፊርማ ሳይጠብቅ። ውኃ፣ ኦክስጅንና አምቡላንስ ከስካነሩ አጠገብ መገኘት አለባቸው። የማን ጭነት ነው፣ ወረቀቱ የት አለ የሚለው ጥያቄ ሰዎቹ አየር ካገኙ በኋላ ይደርሳል።

ይህን ለማድረግ አዲስ ቴክኖሎጂ መጠበቅ አያስፈልግም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አማራጮችም አሉ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በካሌ ወደብ የጭነት መኪኖችን በአተነፋፈስ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚለካ ቱቦ፣ የልብ ምት ንዝረት በሚሰማ መሣሪያና በውሻ ሲፈትሹ ኖረዋል። ጭነቱ ጥቅጥቅ ብሎ ስካነሩ ሲደነዝዝ እነዚህ ይረዳሉ፤ ስካነር በሌለበት የሚዛን ጣቢያም ሊያዙ ይችላሉ። ለካሌ የተገኘው ለሞአቲዜና ለዶዶማ የማይገኝበት ምክንያት የዋጋ ብቻ አይደለም። ካሌ ላይ ለፍተሻው የሚከፍለው ሰዎቹ እንዳይገቡበት የሚፈልገው አገር ነው። በደቡብ መስመር ላይ የሚሞቱትን የሚፈልጋቸው አገር ደግሞ ኢትዮጵያ ናት፤ ድርሻውም የእሷ ነው።

በሞያሌ ኢትዮጵያና ኬንያ በ2020 መጨረሻ በጋራ ያስመረቁት የድንበር ጣቢያ አለ። የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ ይሠራሉ። ወጣቶቹ በአብዛኛው በዚያ በኩል በእግር ወይም በሚኒባስ ስለሚያልፉ እዚያ ኮንቴይነር ውስጥ መገኘታቸው ብርቅ ነው። ስምምነት ለመጀመር ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የጉምሩክ ኮሚሽንና የጨረር ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ከኬንያ አቻዎቻቸው ጋር ተቀምጠው፣ በስካነር ውስጥ ሰው ሲታይ ምን እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ሊጽፉ ይችላሉ፤ ከዚያ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን መጋበዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ነው። በእነዚህ አገሮች ያሉ ኤምባሲዎች ደግሞ ሰው ሲገኝ ሌሊትም ቢሆን የሚነሣ ስልክ ያስፈልጋቸዋል፤ ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰውም እንዲሁ፤ ከኮንቴይነር የሚወጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የሚናገሩት ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ነውና።

መንግሥት በሚቀጥለው ጊዜ የጭነት ስካነር ሊገዛ ጨረታ ሲያወጣ በዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡት ነገሮች ከወዲሁ መታወቅ አለባቸው፤ በተደበቀ ሰው ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ የጨረር መጠን በቁጥር፣ በኢትዮጵያ ቡናና ሲሚንቶ ጭነት መካከል የተደበቀ ሰው ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ የሥልጠና ምስሎች፣ ጣቢያው ሊሰርዘው የማይችል የምስል መዝገብ። ሻጩ እነዚህን አላቀርብም ካለ ሌላ ሻጭ አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የጉምሩክን ዓመታዊ ሪፖርት ሲሰማ ስንት ብር ኮንትሮባንድ ተያዘ ከሚለው ቀጥሎ ስንት ሰው በሕይወት ወጣ የሚለውን ይጠይቅ፤ በመጀመሪያው ዓመት መልሱ ዜሮ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።